ቄስ ሳልሆን ምን ያህል ላገልግል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ወር የደረሱን መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ የተረባረቡ ናቸው። ቄስ ያልሆነ ተራ ምእመን ምን ተምሮ፣ ምን ያህል ያገልግል? ጠያቂዎቹ ከመካነ ኢየሱስና ከሌሎች የሉተራን ማኅበራት ስለሆኑ መልሱንም ከዚያው ቤት እናመጣለን። ስም አላወጣሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው፤ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። በአጥቢያችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከወጣቶች ጋር ለወንጌል ስርጭት እወጣለሁ። ሰው ሁሉ “ጸጋ አለህ፣ ሥራህን ልቀቅና ሴሚናሪ ግባ” ይለኛል። እናቴ ግን የምትኖረው በእኔ ደሞዝ ነው። ከእግዚአብሔር ጥሪ እየሸሸሁ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህን መጦርህን ቀጥል። እየሸሸህ አይደለም። የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር ባዘጋጀው ትንሹ ካቴኪዝም (አጭር የእምነት መማሪያ) ላይ “አባትህንና እናትህን አክብር” አራተኛው ትእዛዝ ነው፤ ማብራሪያውም ወላጆችን አክብሩ፣ አገልግሉ፣ ታዘዙ፣ ውደዱ ይላል። እናቱን ጦሟን አሳድሮ ሴሚናሪ የሚገባ ሰው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይህንኑ ነው የሚማረው።

“ጸጋ ካለህ ሥራ ልቀቅ” የሚለው ምክር በእኛ ዘንድ በጣም ተለምዷል። ከቅን ልብ ነው የሚሰጠው፣ ግን ከሉተር ትምህርት ጋር አይሄድም። ሉተር በ1520 ለጀርመን መኳንንት ሲጽፍ ጫማ ሰፊውም፣ አንጥረኛውም፣ ገበሬውም እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ እያለው ሁሉም ካህናት ናቸው ብሏል። የአማኞች ሁሉ ክህነት የምንለው ይህ ነው፤ መሠረቱ 1ኛ ጴጥሮስ 2፥9። የባንክ ሠራተኛ ካህን ለመሆን ባንኩን መልቀቅ አይጠበቅበትም። ብድር ፈልጋ የመጣችውን ነጋዴ ሳያጉላላ፣ “ሻይ” ሳይጠይቅ ሲያስተናግድም እዚያው አገልግሎት ላይ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። መማር አለብህ? አዎ፣ አለብህ። ሳይማር ጥናት የሚመራ ሰው ዞሮ ዞሮ ወይ ከዩቲዩብ የሰማውን ይደግማል፣ ወይ የሚወዳትን አንዲት ሐሳብ በየሳምንቱ በሌላ ጥቅስ ያመጣታል። ሁለቱንም ዓይነት ታውቃቸዋለህ።

ለአንተ የሚመጥነው በርቀት የሚሰጠው የሥነ መለኮት ትምህርት ነው፤ አገልጋዮች “ቲኢኢ” የሚሉት። የጀመሩት ሉተራኖች አይደሉም። በ1963 ጓቲማላ ውስጥ ያለ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ የሚያስተምራቸው ልጆች ከተማ ለምደው ወደ ገጠር አልመለስ አሉት። በገጠር ደግሞ አጥቢያውን በእውነት የሚመሩት ትዳርና እርሻ ያላቸው፣ ሴሚናሪ መምጣት የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ተማሪውን ከማምጣት አስተማሪውን እንላክ አሉ። ሐሳቡ በዓለም ዙሪያ ተዳረሰ፣ ወደ እኛም መጣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጽሐፉን ቤትህ ታነባለህ፣ ጥያቄዎቹን ትሠራለህ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቡድንህና ከአስጠኚው ጋር ትገናኛለህ። ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ መገናኛው ላይ ነው፤ መጽሐፉን አንብቦ ፈተና ብቻ ለማለፍ የሚመዘገብ ሰው ገንዘቡን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ማክሰኞ የሮሜን መልእክት አንብበህ ቅዳሜ መንገድ ላይ አንዱ ሽማግሌ “በጸጋ ከሆነማ ጾምና ምጽዋት ለምኔ ነው?” ብለው ቢይዙህ የተማርከው በዚያው ሳምንት ይፈተናል። ተደናብረህ መልስ ብታጣ ጥያቄውን ይዘህ ወደ ቡድንህ ትመለሳለህ። አራት ዓመት ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ ይህን ዕድል ቶሎ አያገኘውም።

ሴሚናሪ መግባት ክፉ ነው እያልኩህ እንዳይመስልህ። መካኒሳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ከ1960 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኒቱን የተሸከሙ ሰዎች አፍርቷል። ነገር ግን ጊዜ አለው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሥነ መለኮት ከመማራቸው በፊት ነቀምቴ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበሩ፤ ሚኒሶታ ሉተር ሴሚናሪ የገቡት በኋላ ነው፣ በ1966 ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው እንግዲህ ወንጌልና ልማት አይነጣጠሉም ብለው ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1972 ለምዕራባውያን አጋሮቿ ስትጽፍ ከፊት የቆሙት። ያ የሆስፒታል ዘመን የባከነ አልነበረም።

ከየት ልጀምር ካልክ፣ ከአጥቢያህ ሽማግሌዎች። ብቻህን ሄደህ አትመዝገብ። አብዛኛው ትምህርት ቤት ከአጥቢያ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ባይጠይቅ እንኳ ያለ አጥቢያህ እውቀት የተማርከው ትምህርት የሚያገለግልበት ቦታ ያጣል።

ጥያቄ፦ ወንጌላዊ ነኝ። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ሦስት አጥቢያ በእግሬ እየዞርኩ አገለግላለሁ፤ ቄስ የሚመጣው በዓመት ሁለቴ ነው፣ ክረምቱ ከበረታ አንዴ። ሕዝቡ “የጌታን እራት አንተ ለምን አትሰጠንም?” ይለኛል። የታመመ ሕፃን ይዘው “አጥምቅልን” ያሉኝም አሉ። የተማርኩት አይበቃም ወይ? (ከምዕራብ ወለጋ)

መልስ፦ ወንጌላዊ፣ ይህን ጥያቄ ብዙ ባልደረቦችዎ በልባቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ እርስዎ ስለጻፉት አመሰግናለሁ። ሁለቱን ለያይተን እንያቸው፤ መልሳቸው አንድ አይደለም።

ሕፃኑ በሞት አፋፍ ላይ ካለ ያጥምቁት። ውኃ ካለ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ከሆነ ጥምቀቱ ጥምቀት ነው። በሉተራን ቤተ ክርስቲያን በችግር ጊዜ አዋላጅ ሴት እንኳ ታጠምቅ ነበር። ምስክር ይዘው፣ ቀኑን ጽፈው ለቄሱ ያሳውቁ፣ በመዝገብ ይግባ። ሕፃኑ ከዳነ እንደገና አይጠመቅም፤ በጉባኤ ፊት ይጸለይለታል፣ በቃ። ጉንፋን የያዘውን ግን ቄሱ እስኪመጡ ያቆዩት። ወላጆች ስለተቻኮሉ ብቻ ችግር ተፈጠረ አይባልም።

የጌታ እራት ላይ መልሴ አይሆንም ነው፤ ሹመት ሳይኖር አይስጡ። የሉተራኖች መሠረታዊ የእምነት ሰነድ የሆነው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ አንቀጽ 14 በሥርዓት ያልተጠራ ማንም በቤተ ክርስቲያን በይፋ አያስተምር፣ ምሥጢራትንም አያድል ይላል። “የተማርኩት አይበቃም ወይ?” ላሉት፣ ምናልባት ይበቃል። ከአንዳንድ ባለ ዲግሪ ይልቅ እርስዎ ሕዝቡን ያውቁት ይሆናል። ጉዳዩ የእውቀት ቢሆን ኖሮ ፈተና ተፈትነን በጨረስነው። የጥሪ ጉዳይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን “ይህን ሰው ለዚህ ሥራ ለይተናል” ብላ በጸሎትና እጅ በመጫን ስትሾም የሚቆርበው ሰው ከማን እጅ እንደተቀበለ አይጠራጠርም። ሥልጠና ያዘጋጃል እንጂ አይሾምም። ይህ ልዩነት ብዙ ቦታ እየጠፋ ነው፤ የምስክር ወረቀት የያዘ ሁሉ በማግስቱ ልብሰ ተክህኖ ያምረዋል።

ግን ጣቴን እርስዎ ላይ ብቻ ቀስሬ ብቀር ፍትሐዊ አይሆንም። ያው የእምነት መግለጫ አንቀጽ 5 ላይ እግዚአብሔር ይህን አገልግሎት ያቆመው ሕዝቡ ወንጌልንና ምሥጢራትን እንዲያገኝ ነው ይላል። ሕዝቡ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚቆርብ ከሆነ አንቀጽ 14ን ጠብቀን አንቀጽ 5ን ጥሰናል ማለት ነው። ጥፋቱ በእግሩ ከሚዞረው ወንጌላዊ ሳይሆን የቄሶችን ድልድል ከሚያወጣው ቢሮ ነው። ቄሶች ከተማ ተከማችተው፣ ገጠሩ በወንጌላውያን ጫንቃ ላይ ሲሆን “ሥርዓት ይከበር” ማለት ለሚናገረው ሰው ቀላል ነው።

ስለዚህ ሦስቱ አጥቢያዎች ተሰብስበው በቃለ ጉባኤ ለሲኖዶሱ (የአካባቢውን አጥቢያዎች ለሚመራው አካል) ይጻፉ። ወይ ቄስ ቢያንስ በየሁለት ወሩ በፕሮግራም ይመደብልን፣ ወይ ይህ ወንጌላዊ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ ይሾምልን። ሉተርም በ1523 ካህን ላጡት የቦሄሚያ ክርስቲያኖች የሰጠው ምክር ከዚህ አይርቅም፤ ከመካከላችሁ የሚገባውን ሰው መርጣችሁ፣ ጸልያችሁ፣ እጅ ጭናችሁ አቁሙት ነው ያላቸው። ማለትም መፍትሔው ያልተሾመው እንዲያቆርብ መፍቀድ ሳይሆን የሚያገለግለውን መሾም ነው።

አሜሪካ ያሉት፣ የሚዙሪ ሲኖዶስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሉተራኖች ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል። በ1989 ዊቺታ ላይ ባደረጉት ጉባኤ ቄስ በሌለበት ቦታ ፈቃድ የተሰጣቸው ምእመናን ዲያቆናት እንዲሰብኩና ምሥጢራትን እንዲያድሉ ፈቀዱ። ከሃያ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቶ በ2016 ሚልዋኪ ላይ እነዚህ ሰዎች ተመርምረው ወደ ቅስና ሹመት እንዲገቡ መንገድ አበጁ። ከእነርሱ ጋር በሁሉም ነገር ባንስማማ እንኳ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ሥራውን ዓመታት የሠራውን ሰው “ለጊዜው ነው” እያሉ በግማሽ ሹመት ማቆየት አያዛልቅም።

እስከዚያው የእርስዎ አገልግሎት የቄስ ግማሽ እንዳይመስልዎ። በ1936 ጣሊያን ሲገባና የውጭ ሚስዮናውያን ሲባረሩ ወንጌሉን የያዙት የአገር ልጆች ናቸው። በደርግ ጊዜ በወለጋ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ በየቤቱ ጸሎት የመሩት አብዛኞቹ ቅስና የሌላቸው ነበሩ። መካነ ኢየሱስ በ1959 ስትቋቋም 20,000 ያህል ምእመን ነበራት፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ እንዳላት ትናገራለች። ይህን በቄሶች ብቻ መድረስ አይታሰብም፤ ያደረሱት እንደ እርስዎ በእግራቸው የሚዞሩት ናቸው።

ጥያቄ፦ የአጥቢያ ሽማግሌ ነኝ፣ በጸሎት አገልግሎትም እሳተፋለሁ። እንደው ልጠይቅህ ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሥልጠና ምን ያደርጋል? ጴጥሮስ የየትኛው ሴሚናሪ ምሩቅ ነው? እኛ ዘንድ እሳት የነበረው ልጅ ተምሮ ሲመለስ በረዶ ሆኖ ነው የሚመጣው። (ከደሴ)

መልስ፦ አባባ፣ በረዶ ሆነው የተመለሱትን እኔም አይቻለሁ፤ አልክድም። ስብከታቸው ማስታወሻ ደብተር ይሆናል። ግን ጴጥሮስ እኮ ሦስት ዓመት ከጌታ ሥር እየዋለ እያደረ ነው የተማረው፤ ከዚያ የበለጠ አዳሪ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል?

የሐዋርያት ሥራ 18ን ደግሞ አብረን እናንብብ። አጵሎስ እሳት ነበረ፣ በመንፈስ የጋለ፣ አንደበተ ርቱዕ። ይጎድለው የነበረው እውቀት ነው፤ የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር የሚያውቀው። ታዲያ ያስተማሩት እነማን ናቸው? አቂላና ጵርስቅላ፣ ድንኳን ሰፊዎች፣ ባልና ሚስት። ቤታቸው ወሰዱት፣ በትክክል ገለጡለት። እሳቱ አልጠፋም፣ እንዲያውም በአካይያ ብዙ ጠቀመ። ይቺ ታሪክ ለእኔ የምእመናን ሥልጠና ማለት ራሷ ናት፤ ሠልጣኙም አሠልጣኞቹም አሉባት።

ሉተርም ቢሆን ሥልጠናን ያሰበው ለምሁራን ብሎ አይደለም። በ1528 በሳክሶኒ አጥቢያዎች ዞሮ ሲያይ ሕዝቡ አባታችን ሆይን እንኳ አያውቅም፣ ቄሶቹም ብዙዎቹ ማስተማር አይችሉም ነበር። ደንግጦ ተመለሰ፣ በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም አወጣ። እዚያ ላይ አሥርቱ ትእዛዛት፣ የሃይማኖት መግለጫው፣ አባታችን ሆይ እያንዳንዳቸው የሚጀምሩት የቤቱ አባወራ ለቤተሰቡ በቀላሉ እንዴት እንደሚያስተምረው በሚል ነው። አባወራ ነው ያለው! እናንተ ሽማግሌዎች ማለት ነው። የማኅበረ ምእመናኑን ሥልጠና ከመቃወምዎ በፊት በቤትዎ ልጆቹ የሃይማኖት መግለጫውን ከነትርጉሙ ያውቁት እንደሆነ አንድ ምሽት ይጠይቋቸው።

ደግሞ ዛሬ የመድረኩን ሁኔታ ያያሉ። ውኃና ዘይት የሚሸጥ “ነቢይ” ሲመጣ ከሕዝቡ ቀድሞ “ይህ ወንጌል አይደለም” የሚል ሰው አጥቢያው ውስጥ ያስፈልጋል። እሳት ብቻ ያለው ሰው ያን ጊዜ አብሮ ነው የሚጮኸው።

ጥያቄ፦ የቤት እመቤት ነኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። ጎረቤቶቼ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ናቸው፤ ቡና አብረን እንጠጣለን፣ እድራችንም አንድ ነው። ስለ ጌታ ልነግራቸው እፈልጋለሁ ግን ጠብ እንዳይነሳ እፈራለሁ። ሥልጠና ቢባል ደግሞ ለተማሩ ብቻ መሰለኝ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ በስምንተኛ ክፍል ብትበልጪን እንጂ አታንሺም። አስቴር ጋኖን ታውቂያታለሽ? በልጅነቷ በባርነት ወደ የመን ስትጫን በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሎ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወዳለው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት የወሰዳት ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። የኦሮምኛ ቃላት ሰብስባ ለመዝገብ ያዘጋጀችው፣ በ1894 ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ ያሳተመችው፣ በ1899 ለወጣው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ጉልበቷን ያፈሰሰችው እሷ ናት። ቄስ አልነበረችም። መካነ ኢየሱስ ሴቶችን ለቅስና መሾም የጀመረችው በ2000 ነው፤ አስቴር ከዚያ መቶ ዓመት ቀድማ ነው ሥራዋን የሠራችው።

ሥልጠናው ለተማሩ ብቻ መምሰሉ ግን እውነት አለበት። በዲግሪ ደረጃ ያለው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ ከዚያ በታች ያለውም በማንበብ ላይ የቆመ ነው። በፊት እንዲህ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኒቱ በየምሥራች ድምፅ በኩል የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስታካሂድ በየመንደሩ ፊደል ማስቆጠርና ወንጌል አብረው ነበር የሚሄዱት። ዛሬ በየአጥቢያው የሴቶች ኅብረት አለ፤ እዚያ በቃል ታሪክ እየተነገረ፣ እየተደገመ የሚሠለጠንበት ክፍል እንዲከፈት አንቺና ጓደኞችሽ ጠይቁ። አንድ ምሳሌ በደንብ መናገር፣ ለምሳሌ የጠፋውን ልጅ፣ ከሃያ ገጽ ማስታወሻ ይበልጣል። ስትናገሪው ምንም አትጨምሪበት፣ ምክርም ከላይ አትለጥፊበት፣ ጥያቄው ከእነርሱ ይምጣ።

ስለ ጠቡ። ታቦት፣ ጾም፣ ሥዕል፣ ነቢይ አንስተሽ አትከራከሪ። ስላሸነፍሽ የምትመጣ ጎረቤት የለችም። አንዳንዱ “የፈረንጅ ሃይማኖት” ሲልሽ ሉተር በ1534 ቪተንበርግ ላይ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ተቀብሎ ስለ እምነት ሲወያይ በብዙ ነገር ተስማምተው እንደነበር ልትነግሪው ትችያለሽ፤ ግን ጨዋታ አድርገሽ ንገሪው እንጂ መርቻ አታድርጊው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ እንድንሰጥ ሲያዝ በየዋህነት ነው ያለው፤ “ለሚጠይቁን” የምትለዋን አትለፊያት። ለቅሶ ቤት ድንኳን ስትጥዪ፣ የታመመች ስትጠይቂ፣ የሙስሊም ጎረቤትሽን ልጅ ከትምህርት ቤት ስታመጪ የሚጠይቅሽ ይኖራል።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። የኤችአይቪ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ጎረቤት ጋ ስትጸልዪ “ተፈውሰሻል፣ ኪኒኑን ተዪው” አትበዪ፣ ሌላው ሲልም ዝም አትበዪ። በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል። ጸልዪላት፣ ከዚያ መድኃኒቷን በሰዓቱ መዋጧን ጠይቂ። ለምእመናን በሚሰጥ ማንኛውም የምሥክርነት ሥልጠና ላይ ይህ በመጀመሪያው ቀን መነገር ያለበት ይመስለኛል፣ አብዛኛው ቦታ ግን አይነገርም።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም የሦስት ወር የሥነ መለኮት ዲፕሎማ የሚሰጥ አግኝቻለሁ። ትንሽ ጨምሬ ከከፈልኩ ዲግሪም፣ የክብር ዶክትሬትም አለ። ልመዝገብ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አትመዝገብ። ዲግሪ በጭማሪ ክፍያ ከመጣ ሱቅ ነው። አስተማሪዎቹን በስም አይጠቅሱም፣ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆኑ አይናገሩም፣ ያጠፋህን የሚያርም፣ የጻፍከውን አንብቦ የሚመልስ ሰው የለም፤ እነዚህን ካየህ ስልክህን ዝጋ። ዶክትሬቱን ይዘህ መድረክ ላይ ስትወጣ ደግሞ የሚስቁብህ የተማሩት ብቻ አይሆኑም፤ አሁን ሕዝቡም ነቅቷል። በኢንተርኔት መማር በራሱ ችግር የለበትም፣ በደንብ የሚያስተምሩ አሉ። መለኪያው ከትምህርቱ ጀርባ የምታውቃት ቤተ ክርስቲያን መኖሯና ከፊትህ ደግሞ የምትጠየቅለት አጥቢያ መኖሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነው የምኖረው፤ ኢትዮጵያዊ የሉተራን ማኅበር ውስጥ አገለግላለሁ። ቄስ የለንም፣ ሁላችንም ሠራተኞች ነን፣ አንዳንዱ በሌሊት ሺፍት። አራት ዓመት ሴሚናሪ የሚቀመጥ ሰው ከመካከላችን አይገኝም። ምን አማራጭ አለ? (ከሴንት ፖል)

መልስ፦ አለ፣ ያውም ለእናንተ ዓይነቱ ተብሎ የተሠራ። ሴንት ሉዊስ ያለው ኮንኮርዲያ ሴሚናሪ ለስደተኛ ማኅበረሰቦች የተዘጋጀ የሥነ መለኮት ተቋም አለው። ተማሪው በሚኖርበት ከተማ ሆኖ በማኅበሩ ውስጥ እያገለገለ፣ በአቅራቢያው ባለ ቄስ እየተመራ ይማራል። ይህ የሚዙሪ ሲኖዶስ ነው። በአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ የተለመደውን የሴሚናሪ ዲግሪ ሳያጠናቅቁ ቄስ በሚያስፈልገው ማኅበር ውስጥ የሚያገለግሉ ሰዎች ወደ ሹመት የሚደርሱበት መንገድ አለ፤ “ቲም” ይሉታል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ማኅበራችሁ የማን እንደሆነ ቁርጡን እወቁ። መካነ ኢየሱስ በ2013 ከዚህች ሁለተኛዋ ቤተ ክርስቲያንና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ጉዳይ አቋርጣ ነበር፤ ዛሬ የት ላይ እንዳለ አረጋግጡ። ስለዚህ አንዱ ጋ ተምሮ የተሾመ ሰው ሌላው ጋ ሲሄድ ሹመቱ እንደ ቀላል አይታለፍም። ከአገር ቤት ጋር መያያዝ የምትፈልጉ ከሆነ ለአገር ቤቱም፣ ለአሜሪካውም ጽፋችሁ መልሱን በወረቀት ያዙ። የቃል ተስፋ አታምጡ፤ በዚህ ምክንያት አምስት ዓመት ደክሞ የትም ያልተቀበሉት ሰው አለ።

ሌላም አለ። የሚሠለጥነው ሰው እንግሊዝኛውን እንዲያጠናክር አድርጉ። አዋቂዎቹን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያገለግላል፤ ልጆቻችሁ ግን ካቴኪዝሙን ለማጽናት ትምህርት ሲቀመጡ የሚጠይቁት በእንግሊዝኛ ነው፣ ጥያቄያቸውም ከእናንተ ጥያቄ ይለያል። ሁለት ሰው መላክ ከቻላችሁ አንዱ እዚያው ያደገ ወጣት ይሁን። ወጪውን ማኅበሩ ይጋራ፤ በራሱ ኪስ የተማረ ሰው ሲጨርስ ሌላ ማኅበር ቢጠራው ለመከልከል አፍ አይኖራችሁም።